ጎንዮሽ የሚሄደው ሰው

የእህቴ ባል ፈሪ ነበር። ይህን የምለው ላማው ፈልጌ አይደለም፤ እሱ ራሱ ለጠየቀው ሁሉ ይናገረው ነበር። በር ሲገባ ጎንበስ የሚል፣ ሲቀመጥ ወንበሩ የሚያቃስትለት ግዙፍ ሰው፣ ውሻ ከጮኸ መንገድ ይሻገራል። መርፌ ሊወጋ ጤና ጣቢያ የሄደው እህቴን አስከትሎ ነው። እጇን ጨብጦ፣ ነርሷን «ሲያልቅ ንገሪኝ» ብሎ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። ይኸው ሰው በከባድ ሚዛን ሰባት ጊዜ ቦክስ ተጋጥሞ ሰባቱንም አሸንፎ ነበር። ዛሬ በሕይወት የለም፤ እኔም ያኔ እሱ የነበረበትን ዕድሜ ካለፍኩ ቆየሁ። ስለ እሱ ባሰብኩ ቁጥር ግን ፊቴ ላይ ድቅን የሚለው ስምንተኛው ግጥሚያ ነው።

እኔ «ጋሼ» ነበር የምለው። ሥራው መስታወት መግጠም ነው። የሚሠራበት የቤት ግንባታ ድርጅት የመስታወት ክፍል ከግቢው ጥግ ያለ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነበር። መስታወቶቹ ጨርቅ በለበሱ የእንጨት መደርደሪያዎች ላይ በጠርዛቸው ይቆማሉ። እዚያ ውስጥ ማንም አይሮጥም፤ ማንም ሌላውን ከኋላ ሄዶ ትከሻውን አይነካም። በየገበታው የመቁረጫው አልማዝ መስታወቱን ሲጭር ከሚሰማው ድምፅ በቀር ቤቱ ጸጥ ያለ ነው።

ጋሼ ከመቁረጥም ከመግጠምም ይልቅ የተካነው በመሸከም ነበር። ሙሉ መስታወት በመኪና የማይገባበት ሰፈር ሲታዘዝ የሚላከው እሱ ነው። መስታወቱን በቀኝ ጎኑ ያቆማል፤ አንድ እጁን ከሥር፣ አንድ እጁን ከጎን ያደርጋል፤ ግራ ትከሻውን አስቀድሞ፣ ጉልበቱን ለስለስ አድርጎ፣ ራሱን ከመስታወቱ ወደ ኋላ አሽሽቶ በጎኑ ይሄዳል። ዓይኑ መስታወቱ ላይ አይደለም። የሚያየው የሰው እግር፣ የብስክሌት ጎማ፣ ንፋስ የሚመጣበትን የመንገድ ማጠፊያ ነው። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ሄዶ ሄዶ፣ ባዶ እጁን ዳቦ ሊገዛ ሲወጣም አካሄዱ ያው ሆነ። የሰፈሩ ሰው «ጎንዮሽ» የሚል ስም ያወጣለት ገና ቦክስ ሳይጀምር ነው።

ሥራ የገባ ዕለት ፎርማኑ የነገረውን አንድ ቃል ሳያጓድል ይደግመው ነበር። «የሚወድቅ መስታወት አይያዝም። እጅህ ወደ ላይ ከሄደ ጣትህን ለቅመህ ቤትህ ትገባለህ። እጅ ወደ ታች፣ ደረት ወደ ኋላ፣ እግር ወደ ጎን። መስታወት ይገዛል።» ፎርማኑ ይህን ሲናገር የሚያሳየው ቀኝ እጅ ሦስት ጣት ብቻ ነበረው።

ቦክስ የገባው እምቢ ማለት ስለሚያስፈራው ነው። የድርጅቱ ስፖርት ክለብ ከባድ ሚዛን የሚጋጠምለት ሰው አጣ። የክለቡ ሽማግሌ አሠልጣኝ የመስታወት ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ጋሼን ከላይ እስከ ታች አየውና «አንተ፣ ስንት ኪሎ ነህ?» አለው። ጋሼ ነገረው። «በቃ፣ ሰኞ ና።» ጋሼም ሄደ።

«እምቢ አትልም ነበር?» አልኩት አንድ ቀን።

«እንዴት ብዬ? ቆጣ ያለ ሰው ይመስላል እኮ።»

«እና መደብደብ ከሱ ይሻላል?»

«አንቺ ተማሪ፣» አለኝ ሻዩን እያማሰለ፣ «ማን ይደበደባል? እኔ እንደሆነ እሸሻለሁ።»

እውነቱን ነው፤ ይሸሽ ነበር። ሪንግ ውስጥ የሚገባው መስታወት የተሸከመ መስሎ ነው። ሁለት እጆቹ ጭኑ አጠገብ ይንጠለጠላሉ፣ ትከሻው ይቀድማል፣ ራሱ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ዓይኑ የተጋጣሚውን ፊት ትቶ እግሩን ያያል። ቡጢ ሲሰነዘርበት እንደ ሌላው ሰው እጁን አያነሳም፤ ይባስ ብሎ ያወርደዋል፣ ደረቱን ይሰበስባል፣ በጎኑ ፈትለክ ይላል። ያን የሚያህል ሰው ዓይኑ ፈጦ ገመድ ለገመድ ሲሸሽ ሕዝቡ በሳቅ ይፈርሳል። ተጋጣሚው ይናደዳል፤ የተናደደ ሰው አየር ሲመታ ውሎ ይደክመዋል። ያኔ ከጋሼ ጭን አጠገብ አንድ ቡጢ ይነሳል። አነሳሱ ከየት እንደሆነ ዳኛው እንኳ አያይም። ሽማግሌው አሠልጣኝ ሌሎቹ ልጆች አካሄዱን ሊቀዱ ሲሞክሩ «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ዋና ገብታ ሞተች፤ እናንተ እጃችሁን አንሱ፣ እሱን ተዉልኝ» ይል ነበር።

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሰባቱንም ግጥሚያ አላየችም። ግን አትቀርም። ከመቀመጫዎቹ ሥር ባለው ኮሪደር፣ ከልብስ መቀየሪያው በር አጠገብ ባለች አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች። «ሳቁን እሰማለሁ፤ ሲስቁ አልተመታም ማለት ነው» ትለኝ ነበር። ሰባት ጊዜ እየሳቁ መልሰውላታል።

ፍርሃት ደጃችንን ያንኳኳው ስምንተኛው ከማን ጋር እንደሆነ ስንሰማ ነው። የብረታ ብረት ፋብሪካው ሰው ነበር፤ «መዶሻው» ይሉታል። ከጋሼ በፊት የክለባችን ከባድ ሚዛን የነበረውን የድርጅቱን ጸጉር አስተካካይ ከሁለት ዓመት በፊት ጆሮ ግንዱን የመታው እሱ ነው። ያን ዕለት ጸጉር አስተካካዩ በእግሩ ሄዶ ልብስ መቀየሪያ ገባ፤ ሚስቱ ቀኑን ብትጠይቀው አላወቀውም። ሐኪሞቹ ይመለሳል አሉ። ግማሹ ተመለሰ።

ጋሼ ጢሙን የሚላጨው እሱ ዘንድ ነበር። አንድ እሑድ ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ፣ ግማሽ ጢሙን ይዞ ቤት መጣ። እህቴ ልትስቅ አፏን ከፈተችና ፊቱን አይታ ተወችው።

«ግራ ጉንጬን ጨረሰ፣» አለ ጋሼ ቀስ ብሎ። «ውኃውን ሊደፋ ወጣ። ተመልሶ ገባና ‹ጌታዬ፣ ምን ልርዳዎት?› አለኝ። ጢሜን ልላጭ ነበር አልኩት። እሺ ብሎ የተላጨውን ጉንጬን መላጨት ጀመረ።»

«ምን አልከው?»

«ምን እለዋለሁ? ምላጭ ይዟል።»

ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ ሳቁ በአንዴ ቆመ፤ እህቴ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። ጋሼ የተላጨውን ጉንጩን እየዳሰሰ «ስሜን ረስቶታል፣» አለኝ። «አብሮኝ ሥራ የገባ ሰው።»

በዚህ ላይ ክለቡ አዲስ አሠልጣኝ ቀጠረ። ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለ፣ እጁ ላይ ደብተር የማይጠፋው ወጣት ነበር። ሽማግሌውን ባልዲና ፎጣ ያዥ አደረገው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጋሼን እንደሚያድነው ከልቡ ያምን ነበር። «ሰባቱ ሰዎች ምንም ስለማያውቁ ነው፣» ይላል። «መዶሻው ላይ እጅህን አውርደህ ከገባህ ሬሳህን ነው የማወጣው። ቦክስ ሳይንስ ነው። እጅ ወደ ላይ! አገጭ ወደ ታች!» ጋዜጣም አላገዘንም። አንዱ ጸሐፊ «ጎንዮሽ ለስምንተኛ ጊዜ ሊያስቀን ነው» የሚል ርዕስ አወጣ፤ የሥራ ባልደረቦቹ ቆርጠው ከመቁረጫ ጠረጴዛው በላይ ለጠፉት። «ጎንዮሽ፣ ሰርከሱ መግቢያው ስንት ነው?» ይሉታል። ስንት ዓመት አብሯቸው የሠራ ሰዎች ናቸው፤ በቀልድ ነው። እሱ ግን በቀልድ አልወሰደውም። ፈሪ መባሉ አልነበረም የከነከነው፣ ያንንማ ራሱ ይለው የለ። መሳቂያ መሆኑ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ከሥራ ሲወጣ ክለብ እየገባ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ መቆም ተማረ።

እኔ ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ፣ አዳሬ ግቢ ውስጥ ነው። በግጥሚያው ቅዳሜ በቀጥታ ከትምህርት ቤት ወደ አዳራሹ መጣሁ። እህቴ አግዳሚዋ ላይ ተቀምጣለች። ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛዋለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ዓይኔ አንቺ ነሽ፣» አለችኝ። «በየዙሩ መጥተሽ ንገሪኝ። አንድ ደቂቃ ነው ዕረፍታቸው፣ ሮጠሽ።»

«እሺ፣ እታለም።»

«እንዳትዋሽኝ።»

አምስት ዙር ነበር የተፈቀደው። ደወሉ ተደውሎ ጋሼ ከጥጉ ሲወጣ ሌላ ሰው መሰለኝ። ቀጥ ብሎ ቆመ። እጆቹ ፊቱን ጋርደዋል፣ ክርኖቹ ጎኑን ይዘዋል፣ አገጩ ደረቱ ውስጥ ገብቷል። ከጎኔ የተቀመጠ ሰውዬ «አሁን ገና ቦክሰኛ ሆነ!» ብሎ አጨበጨበ። ሌሎችም አጨበጨቡ። መዶሻው አጭርና ሰፊ ነው፤ አይቸኩልም። አንድ እርምጃ ይራመዳል፣ ይመታል፤ አንድ እርምጃ ይራመዳል፣ ይመታል። ቡጢው በመጣ ቁጥር የጋሼ እጆች እርግፍ ሊሉ ሲሉ አያለሁ። አሥራ አራት ዓመት የለመዱት ወደ ታች ነው። እንደገና ተግሣጽ እንደ ሰማ ሰው መልሶ ያነሳቸዋል። መዶሻው የሚያገኘው በዚያች ቅጽበት ነው። ጎኑን፣ ጉንጩን፣ ግንባሩን። ድምፁ እርጥብ ልብስ ድንጋይ ላይ ሲወቀጥ ይመስላል።

ደወሉ ሲደወል ሮጥኩ።

«እህ?»

«ደህና ነው፣ እታለም። በሚገባ ቆሟል።»

«ለምን አልሳቁም?»

«ገና ነዋ።»

ዓይኔን አየችው። እኔ መሬቱን አየሁ። ደወሉ ተደወለና ተመለስኩ።

ሁለተኛው ዙር ላይ መዶሻው በግራው ሆዱን ነክቶ፣ የጋሼ እጅ ሲወርድ ጠብቆ፣ በቀኙ ጆሮ ግንዱን አገኘው። የጸጉር አስተካካዩን ጆሮ ግንድ ያገኘባት ቡጢ ናት፤ ከኋላዬ አንዱ «ይቺው ናት፣ ይቺው!» ብሎ ጮኸ። ጋሼ በአንድ ጉልበቱ ወደቀ። ዳኛው ሲቆጥር ቁጥሩ በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ይወጣ ነበር። ስምንት ላይ ተነሳ። አፉ ተከፍቷል፣ ግራ ዓይኑ እያበጠ ነው። ዙሩ እንዴት እንዳለቀ አላስታውስም። ያለቀ ጊዜ ግን ጋሼ ዞሮ፣ ረጋ ብሎ፣ ቤቱ እንደሚገባ ሰው የመዶሻው ጥግ ሄደ። ሰዎቹ በርጩማውን አሽሽተው አዩት። ዳኛው ትከሻውን ይዞ መለሰው።

ደረጃውን የወረድኩት እየሮጥኩ ይሁን እየወደቅኩ አላውቅም። እህቴ ቆማ ነበር።

«ንገሪኝ።»

ደህና ነው ልል ነበር። «የሱ ጥግ ሄደ፣» አልኳት። «ተሳስቶ የመዶሻው ጥግ ሄደ።»

ቦርሳዋ ወደቀ። አላነሳችውም። በስምንት ግጥሚያ ረግጣው የማታውቀውን በር ገፍታ ገባች፤ በመቀመጫዎቹ መካከል ሰው እየገፈተረች ጋሼ ከተቀመጠበት ጥግ ሥር ደረሰች። እኔ ከኋላዋ ነኝ። አዲሱ አሠልጣኝ በጋሼ ፊት ተንበርክኮ «እጅ ወደ ላይ! ለምን ታወርዳለህ? ወደ ላይ!» ይላል፤ ድምፁ ውስጥ ለቅሶ አለ።

«አንተ!» አለች እህቴ። «እጅህን አውርድ!»

አሠልጣኙ ዞረ። «እመቤቴ፣ ኧረ ባክዎ ይውጡ! ሊያስገድሉት ነው?»

«አስገዳዩስ አንተ ነህ! ባሌን ማን አደረግኸው?» ከዚያ ገመዱን በሁለት እጇ ይዛ ጋሼን ቀና ብላ አየችው። «ለማን ብለህ ነው የምትቆመው? ለጋዜጣው? ስማኝ። ፍራ! እንደ ልማድህ ፍራ!»

ጋሼ በአንድ ዓይኑ አያት። የገባው አይመስልም። ሽማግሌው አሠልጣኝ ፎጣውን እየጨመቀ፣ ለባልዲው የሚናገር ይመስል «ሴትዮዋ ልክ ናት» አለ።

ደወል። እህቴ ወደ ኮሪደሩ አልተመለሰችም፣ ግጥሚያውንም አላየችም። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጀርባዋን ለሪንጉ ሰጠች። እጄን ያዘች።

ጋሼ አሁንም እጁን አንስቶ ወጣ። መዶሻው አንድ እርምጃ ተራመደ፣ ሁለተኛ ተራመደ፣ ያችን ቀኙን ሰነዘረ። የጋሼ እጆች ወደቁ። ደረቱ ወደ ኋላ፣ እግሩ ወደ ጎን። ቡጢው በአፍንጫው ፊት አለፈ፤ መዶሻው በራሱ ክንድ ተጎትቶ ገመዱን ታቀፈ። ጋሼ ከመድረኩ ሌላው ጫፍ ዓይኑን አፍጥጦ፣ ትከሻውን አስቀድሞ ቆሟል። ከላይ መቀመጫ አንድ ሰው ሳቀ።

«ምንድን ነው?» አለች እህቴ።

«አንድ ሰው ሳቀ።»

«አንድ ብቻ?»

መዶሻው መጣ። ጋሼ ሸሸ። መዶሻው በግራ መጣ፤ ጋሼ በዳኛው ዙሪያ ዞሮ ከኋላ ወጣ፤ ዳኛውም ደንግጦ እጁን ወደ ፊቱ አነሳ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

«እየሳቁ ነው፣ እታለም። ሁሉም።»

«እንዳያቆሙ በያቸው፣» አለች።

አላቆሙም። ሆኖም እኔ መሳቅ አልቻልኩም፤ ምክንያቱም ከዚያ ጥግ ሆኜ ፊቱን አያለሁ። ከላይ ሲታይ ቀልድ የነበረው ከታች ሲታይ ሌላ ነው። ሰውየው ለነፍሱ ነበር የሚሸሸው። እያንዳንዷን ቡጢ እንደሚወርድ ሙሉ መስታወት ነው የሚያያት። አራተኛው ዙር ላይ መዶሻው አፉን ከፍቶ መተንፈስ ጀመረ። አምስተኛው ላይ ክንዱ ከበደው። ያኔ ከጋሼ ጭን አጠገብ ያቺ ቡጢ ተነሳች፤ አንዴ፣ ትንሽ ቆይታ ሁለቴ። መዶሻው አልወደቀም። ቆሞ ቀረ እንጂ። ከሦስቱ ዳኞች ሁለቱ ለጋሼ ሰጡ። እጁን ሲያነሱለት እሱ የሚፈልገው መውረጃ ደረጃውን ነበር።

ልብስ መቀየሪያው ጠባብ ነው፤ አንድ አምፖል፣ አንድ አግዳሚ፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ። ጋሼ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። ግራ ዓይኑ ተደፍኗል። ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ አለህ» ሲለው አይመልስም። እህቴ ሁሉንም አስወጣች፤ እኔና ሽማግሌው ቀረን። ፊቱ ተንበረከከች።

«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

ቆየ። «ቅዳሜ።»

«ይቺ ማን ናት?»

ዓይኑን ወደ እኔ አዞረ። «ተማሪዋ ናታ። ስኳራችንን የምትጨርሰው።»

ሽማግሌው ሳቀ። እህቴ አልሳቀችም።

«የበራችን ቀለም?»

«አረንጓዴ። የተላጠ።»

«ዛሬ ጠዋት ከቤት ስትወጣ ምን አልኩህ?»

ጋሼ አፉን ከፈተ። ዘጋው። ጓንቶቹን አየ፣ ወለሉን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ። ሽማግሌው ፎጣውን መጭመቅ አቆመ። ቧንቧው ያንጠባጥባል። እኔ የጸጉር አስተካካዩን ሚስት አሰብኩ፤ እሷም እንዲህ ተንበርክካ፣ እንዲህ ሲዘገይ እየጠበቀች እንደ ነበር። ያ ጆሮ ግንዱን ያገኘው ቡጢ እስካሁን በሰውየው ውስጥ እየሄደ ያለ፣ ገና ያልደረሰበት ቦታ ያለ መሰለኝ። መልሱን እኔ ባውቀው በምልክት በነገርኩት ነበር። አላውቀውም።

«ምንም፣» አለ።

«ምንም?» አልኩ፤ ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ።

«ምንም አላልሽኝም። ይህን ግጥሚያ እገባለሁ ብዬ የመጨረሻውን ወረቀት ከፈረምኩበት ከረቡዕ ጀምሮ አኩርፈሽኛል። ሻዩን ጠረጴዛው ላይ ትተይና ትሄጃለሽ። ዛሬ ጠዋትማ ዳቦውንም ለብቻሽ ቆረስሽ።»

እህቴ ግንባሯን ጓንቶቹ ላይ ደፋች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ትስቅ ይሁን ታልቅስ አልለየሁም። ሽማግሌው ወደ ቧንቧው ዞሮ የተዘጋውን መዝጋት ጀመረ።

«አሁንስ?» አለ ጋሼ ከላይ ሆኖ። «ታናግሪኛለሽ?»

«ዝም በል» አለችው። የጓንቱ ገመድ በላብ ረጥቦ ጠብቆ ነበርና በጥርሷ ነክሳ ትፈታው ጀመር። እሱም ዝም አለ። እግሮቹ ብቻ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ አግዳሚው ከግድግዳው ጋር እየተጋጨ ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይላል። ማናችንም አቁም አላልነውም።